ብር፣ ዶላርና የኑሮ ውድነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ብርና ስለ ዶላር የማያወራ የለም። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ፣ ሁሉም የራሱ ማብራሪያ አለው። ከዚህ በታች ያሉት በብዛት የሚነሱት ጥያቄዎች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንድን ነው የተወሰነው?

ሰኞ ቀን ነበር። ብሔራዊ ባንክ የዶላርን ዋጋ ራሱ መወሰኑን አቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንኮች ከደንበኞቻቸው ጋር ተደራድረው እንዲገዙና እንዲሸጡ ተፈቀደ። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረውን ዶላር ንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም እገዛለሁ ብሎ ለጠፈ። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ 175 ሚሊዮን ዶላር ለባንኮች በጨረታ ሲሸጥ አማካይ ዋጋው 107 ብር ከ90 ሳንቲም ገደማ ነበር።

ሌሎች ውሳኔዎችም በዚያው ሰሞን መጡ። ላኪዎች ካገኙት ዶላር ግማሹን ለራሳቸው እንዲይዙ ተፈቀደ። እንዳይገቡ ታግደው የቆዩት 38 ዓይነት ዕቃዎች ተለቀቁ። ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የሆነ የራሱን የወለድ ተመን አወጣ። ሰው የሚያስታውሰው ግን የዶላሩን ብቻ ነው።

ታዲያ ብር የረከሰው በዚያ ቀን ነው?

አይደለም። ያን ቀን የተደረገው መርከሱን ማመን ነው። ብር በ1985 ዓ.ም. ለአንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወርዷል። ጥቅምት 2010 ደግሞ በአንድ ጊዜ 15 በመቶ ተቀንሷል። በመሃል ያለው በየቀኑ በሳንቲም እየተንሸራተተ የሄደ ነው። በ2016 ክረምት መግቢያ ላይ ባንክ 57 ሲል ብላኩ፣ ማለትም ጥቁር ገበያው፣ 115 አካባቢ ይል ነበር። አንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ዶላር ሁለት ዋጋ ነበረው።

ሪያድ የምትሠራ እህት 300 ዶላር ላከች እንበል። በባንክ ብትልክ እናቷ እጅ የሚደርሰው 17,100 ብር ነው። በሰው በኩል ብትልክ 34,500። ከዚያ በኋላ «በሕጋዊ መንገድ ላኩ» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ማን ይሰማል? ያችን ልጅ አገር ወዳድ አይደለሽም ማለት ይከብዳል። እናቷ የቤት ኪራይ አለባቸው።

ልዩነቱን ማን ይበላው ነበር?

እኔ ከሁሉም በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ይመስለኛል፣ ግን ብዙም አይጠየቅም።

ባንክ ውስጥ ዶላር የሚገኘው በወረፋ ነበር። መድኃኒት፣ ማዳበሪያና ነዳጅ ቅድሚያ አላቸው። የቀረው ወር፣ ዓመት ይጠብቃል። ከወረፋው ቀድሞ ኤልሲ (ዕቃ ለማስመጣት ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የተከፈተለት አስመጪ ዶላሩን በ57 ብር አገኘ። ዕቃውን ግን መርካቶ ሲያወርድ የሚሸጠው ዶላሩን በ115 እንደገዛ አድርጎ ነው፤ ምክንያቱም ጎረቤቱ በብላክ ገዝቶ ነው ያመጣው። መሃል ላይ ያለው ትርፍ ያለ ላብ የተገኘ ነው። ያ ትርፍ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፤ ቡናውን ልኮ ዶላሩን በርካሽ ካስረከበው ላኪ፣ በላኪው በኩል ደግሞ ከገበሬው ኪስ ነው የወጣው።

«ወረፋ ማስቀደሚያ» ተብሎ ስለሚሰጠው ገንዘብ የንግዱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወሬ አለ። እሱን እንተወው። ጉቦ ባይኖር እንኳ ሥርዓቱ በራሱ ቅርብ ለሆነ ሰው የሚያደላ ነበር። ዶላርን በርካሽ ማቆየት ድሃን መጠበቅ ይመስል ነበር። ርካሹ ዶላር ግን ድሃ ዘንድ አይደርስም ነበር፤ ከነዳጅ፣ ከማዳበሪያና ከመድኃኒት በስተቀር።

ዶላር በእጥፍ ሲጨምር ዋጋው ሁሉ በእጥፍ ይጨምራል ተብሎ ነበር። ለምን አልሆነም?

ገበያው ቀድሞ ጨምሮ ስለነበረ ነው። ስልኩ፣ ጫማው፣ የመኪና ዕቃው፣ የግንባታ ብረቱ፣ አብዛኛው በብላክ ዋጋ የተተመነ ነበር። ባንኩ ወደ ብላኩ ሲጠጋ ለነዚህ ዕቃዎች ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። በዚያ ነሐሴ አንዳንድ ነጋዴ ዋጋ ሰቅሎ ወይም ዕቃ ደብቆ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ሱቆች ታሽገዋል። በጊዜው ብዙ ጫጫታ ነበር። የታተመው የግሽበት ቁጥር ግን አልፈነዳም። በሐምሌ 2016 በዓመት ወደ 18 ተኩል በመቶ ነበር፤ ከዓመት በኋላ 13 በመቶ አካባቢ ሆነ።

በእውነት የጨመረው በ57 ብር ዶላር ይመጣ የነበረው ነው። ነዳጅ ዋነኛው ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 82 ብር ከ60 ሳንቲም ነበር። መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ፤ ገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ፤ ከዚያም ቀጠለ። መድኃኒትም እንዲሁ። የስኳር ወይም የደም ግፊት ክኒን በየወሩ የሚገዛ ሰው «ግሽበት ቀነሰ» ሲባል ቢስቅ አይፈረድበትም። መብራትም በዚያው ሰሞን ታሪፉ ተሻሽሏል፤ እሱ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚጨምር ነው።

ጤፍ ከዶላር ጋር ምን አገናኘው? የሚበቅለው እዚሁ!

ማዳበሪያው በዶላር ይመጣል። ከባሶ ሊበን ወይም ከአዳአ ጭኖ የሚያመጣው አይሱዙ ነዳጁ፣ ጎማውና መለዋወጫው በዶላር ነው። ሌላው ደግሞ ነጋዴው የሚያስበው ዛሬ የሸጠውን ዕቃ ነገ በስንት እንደሚተካው ነው። ነገ ይጨምራል ብሎ ካሰበ ዛሬ ይጨምራል። ገበሬውም እንዲሁ፤ ዘይትና ሳሙና ሲወደድበት ጤፉን በድሮ ዋጋ አይለቅም።

ነገር ግን ሁሉን በዶላር ማሳበብም ልክ አይደለም። የጤፍ ዋጋ በመንገድ መዘጋት፣ በኬላ ቀረጥ፣ በደላላ ሰንሰለትና በሰላም እጦት ይወሰናል። ብሔራዊ ባንክ ወለድ ቢጨምርም ባይጨምርም አንድ የተዘጋ መንገድ አይከፈትም። ግሽበትን ሁሉ የባንክ ሥራ አድርጎ ማየት ሌሎቹን ባለሥልጣናት ከጥያቄ ያሳርፋቸዋል።

ግሽበት ቀነሰ ይላሉ፣ ገበያ ላይ ግን የቀነሰ ነገር የለም። ማን ነው የሚዋሸው?

ማንም ላይዋሽ ይችላል። ግሽበት የዋጋ ፍጥነት እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም። በዓመት 30 በመቶ ለሦስት ዓመት የጨመረ የ100 ብር ዕቃ 220 ብር ይደርሳል። እኛ በ2014 እና በ2015 ያየነው ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ግንቦት 2014 ላይ ግሽበቱ 37 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2017 መጨረሻ ወደ 13 ወረደ ሲባል ያ 220 ብር በቀጣዩ ዓመት 249 ይሆናል ማለት ነው። ወደ 100 አይመለስም። ማንም አገር ላይ እንደዚያ አይመለስም።

ስለዚህ የሚያዋጣው ጥያቄ «ዋጋው መቼ ይወርዳል?» አይደለም። «ደሞዜ መቼ ይደርስበታል?» ነው። እዚህ ላይ ነው ፖሊሲው የተንገዳገደው። ነጋዴ ዋጋ ይጨምራል፤ የቀን ሠራተኛ ተደራድሮ ይጨምራል፤ ዳያስፖራ ዘመድ ያለው በዶላሩ ይካሳል። መምህሩ፣ ነርሱ፣ ጡረተኛው ግን የሚጨምርለት መንግሥት ሲፈቅድ ብቻ ነው። ማሻሻያው ከተጀመረ በኋላ ለመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ጭማሪ ተደርጓል። የመጀመሪያው በተለይ ዝቅተኛ ተከፋዩን ያነሣ ነበር። ሁለተኛው በ2018 መግቢያ ሲሆን ዝቅተኛውን ደሞዝ 6,000 ብር አደረሰው። 6,000 ብር አዲስ አበባ ላይ ስንት ቀን እንደሚያቆይ ለማስላት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። አንድ ክፍል ቤት ተከራይተህ ምን ይተርፍሃል?

«መንግሥት ብር አትሞ ነው» የሚባለው እውነት ነው?

በአብዛኛው፣ አዎ። ማተሚያ ማሽን ግን አታስቡ። መንግሥት ከሚሰበስበው በላይ ያወጣል። ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። ባንኩ የገንዘብ ሚኒስቴር ሒሳብ ላይ ቁጥር ይጽፍ ነበር። ያ ገንዘብ ደሞዝ ሆኖ፣ ኮንትራት ሆኖ፣ ጥይት ሆኖ ይወጣ ነበር። ዕቃው ሳይጨምር ገንዘቡ ጨመረ።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 የቆየው የሰሜኑ ጦርነት ይህን አባባሰው። ኮቪድ፣ ድርቅና የዩክሬን ጦርነት ያወደደው ስንዴና ነዳጅም ተጨመረበት። ግን ልማዱ ከጦርነቱ በፊትም ነበር። ታላላቅ ፕሮጀክቶች በንግድ ባንክ ብድር ሲገነቡ ኖረዋል፤ ብድሩን የወሰዱት የመንግሥት ድርጅቶች መክፈል አቃታቸው። በ2016 መጨረሻ ላይ ምክር ቤቱ የንግድ ባንክን ካፒታል ለማጠናከር እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ (የዕዳ ሰነድ) ፈቀደ። የድሮ ውሳኔ ሒሳብ ዛሬ ሲመጣ እንዲህ ነው። ለዜናው የተሰጠው ቦታ ግን ለአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ዝውውር ከሚሰጠው ያነሰ ነበር።

ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ተገደበ። ግሽበቱ መብረድ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በእኔ እይታ ከዶላሩ ውሳኔ ይልቅ ለኪሳችን የጠቀመው ይህ ነው። ስለሱ ግን ለቅሶ ቤት ማንም አያወራም።

ባንክ ብድር ጠይቄ «ጣሪያ ሞልቷል» አሉኝ። ምን ማለት ነው?

በዚያው ነሐሴ 2015 የወጣ ሌላ ውሳኔ ነው። እያንዳንዱ ባንክ ብድሩን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድግ ታዘዘ። ግሽበቱ ያኔ ከዚያ እጥፍ አካባቢ ስለነበር፣ በተጨባጭ ብድር ቀነሰ ማለት ነው። ኋላ ላይ ጣሪያው ወደ 18፣ በ2018 መግቢያ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል።

ጣሪያው ሲሞላ የሚቀረው ማን ነው? ባንክ ሥራ አስኪያጅ ብትሆን ለማን ትሰጣለህ? ለሃያ ዓመት ደንበኛህ ለሆነው ትልቅ አስመጪ ወይስ ሁለት ስፌት ማሽን ይዛ ሦስተኛ ለመጨመር ለመጣችው ልጅ? ጣሪያው ሕግ ላይ ለሁሉም እኩል ነው። ሲተገበር ግን ትንሹን ነው የሚመታው። ሥራው ቆሞ፣ ዕቁብ አፋጥኖ፣ ከዘመድ ተበድሮ የተረፈ ስንት ነጋዴ አለ።

ለምን ወለድ ጨምረው አልፈቱትም? እኛ አገር ወለድ ገና ጥርስ አላወጣም። ያ 15 በመቶ የተባለው ተመን ሲወጣ ግሽበቱ ከሱ በላይ ነበር። ከግሽበት በታች በሆነ ወለድ መበደር ትርፍ ስለሆነ ሰው አይተውም። ስለዚህ ጣሪያው ጨካኝ ቢሆንም ሠርቷል። ብዙ መቆየት ግን የለበትም።

ባንክ ያስቀመጥኩት ብርስ?

ይቀልጣል። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። 100,000 ብር አስቀምጠህ ከዓመት በኋላ 107,000 ታገኛለህ። በዚያ ዓመት ግሽበቱ 20 በመቶ ከነበረ፣ በ107,000ው የምትገዛው አምና በ89,000 ትገዛው የነበረውን ነው። ሰው መሬት፣ ብረት፣ መኪና፣ ዶላር ላይ የሚሮጠው ስግብግብ ስለሆነ አይደለም። የአዲስ አበባን ቤት ዋጋ ከሰቀሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ሽሽት ነው።

አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) አስገድዶን ነው?

«አስገደደ» እና «አማከረ» መካከል ያለው ልዩነት ኪስህ ውስጥ ባለው ዶላር ይወሰናል። ታኅሣሥ 2016 ላይ ኢትዮጵያ የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮቦንድ (ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረችበት ሰነድ) ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ገንዘቡ ለአገር ትንሽ ነው፤ ስሙ ግን ከባድ ነው። የዕዳ ሽግሽጉ የአይኤምኤፍን ፕሮግራም ይጠብቅ ነበር። የዶላር ዋጋ ለገበያ በተለቀቀበት በዚያው ሰኞ አይኤምኤፍ ለአራት ዓመት የሚከፈል 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ 1 ቢሊዮን ገደማው ወዲያው የሚለቀቅ ነው። በማግስቱ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ጨመረ።

ከአምስት ወር ቀደም ብላ ግብፅ ያንኑ መንገድ ሄዳለች፤ ፓውንዷ በአንድ ቀን ከ31 ወደ 50 አካባቢ ወረደ። ቀድማ በፈቃዷ የምታደርግ አገር የራሷን ጊዜ ትመርጣለች። እኛ ዓመታት ስናመነታ ቆይተን ካዝናው ሲራቆት ገባንበት። ዋናው ጥፋት ማመንታቱ ይመስለኛል።

ምን ጥቅም ተገኘ?

የወጪ ንግድ ገቢ በ2016 በጀት ዓመት 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2017 ከ8 ቢሊዮን በላይ ሆነ። ትልቁ ድርሻ የወርቅ ነው። በድንበር ይሾልክ የነበረ ወርቅ ዋጋው ሲስተካከል ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ። ወርቁ አዲስ አይደለም፤ መንገዱን ነው የቀየረው። በዚያ ላይ በዓለም ገበያ ወርቅም ቡናም ተወደዱ። ስለዚህ ምስጋናው ሁሉ ለፖሊሲው አይሆንም፤ ግማሹ የዕድል ነው።

ብላክ ጠፋ?

አልጠፋም። በ2016 ክረምት፣ ከውሳኔው በኋላ፣ ልዩነቱ ጠቦ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ ሰፋ። ባንክ ዶላር አለ ቢልም ኮሚሽኑ ይበዛል፣ ወረቀቱ ይበዛል፣ ለአንዳንድ ጉዳይ ጭራሽ አይሰጥም። ሀብቱን ወደ ውጭ ማሸሽ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ባንክ አይሄድም፤ ምንጩን የማይጠይቀው ጋ ነው የሚሄደው። ያን የዶላር ፍላጎት የምንዛሪ ሥርዓት ብቻ አያጠፋውም።

በመጨረሻ ይህን ሁሉ የሚወስነው ማነው?

የብሔራዊ ባንክ ገዥና ቦርዱ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር፣ ከሁለቱም በላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ። ከ2017 ጀምሮ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ አለ፤ ተሰብስቦ ውሳኔውን በመግለጫ ያወጣል፤ ይህ ጥሩ ነው። ታኅሣሥ 2017 ላይ የወጣው አዲስ የብሔራዊ ባንክ አዋጅም ዋጋን ማረጋጋት የባንኩ ቀዳሚ ሥራ እንዲሆን አድርጓል።

ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን ከቤተ መንግሥት ርቆ አያውቅም። ለውጡን የመሩት ገዥ ማሞ ምሕረቱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ የነበሩ ናቸው። በ2018 መግቢያ እሳቸውን የተኩት እዮብ ተካልኝ የገንዘብ ሚኒስትር ዴኤታ ነበሩ። ትናንት ብድር ጠያቂ ወገን የነበረ ሰው ዛሬ «አልሰጥም» የሚል ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱም ችሎታ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ነጥቡ እሱ አይደለም። ምርጫ ሲቃረብ፣ ወይም ጦርነት ሲነሳ፣ የሚደወለውን ስልክ «አይቻልም» ብሎ መዝጋት የሚችል ተቋም ነው ገና ያልተፈተነው።

ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ምን ምን ልከታተል?

ሦስት ነገር ይበቃል። በባንክና በብላክ መካከል ያለው ልዩነት፤ ሲሰፋ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው ተጨማሪ በጀትና ጉድለቱ ከየት እንደሚሸፈን፤ ኅዳር 2017 ላይ 582 ቢሊዮን ብር ሲጨመር መጠየቅ የነበረበት ይኸው ነበር። ሦስተኛው የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የግሽበት ቁጥር ነው። እሱን ስታይ ጠቅላላውን ትተህ ምግቡን ለብቻ ተመልከት፤ የብዙዎቻችን ደሞዝ የሚያልቀው እዚያ ነው።